መኪናው ምን ጊዜ ይደክማል?
አልፎ አልፎ የሚመጣ ብልሽትን በደብተር ስለ መያዝ

ይህ ትምህርት ስለ አንድ አሮጌ ፒክ አፕ መኪና ነው። መኪና የሌለው ሰው ቢያነበውም ይጠቅመዋል። የወፍጮ ሞተር ያለው፣ የውሃ ፓምፕ ያለው፣ አንድ ቀን የምትታመም አንድ ቀን ደኅና የምትውል ላም ያለችው ሰው ሁሉ ተመሳሳይ ጣጣ ያጋጥመዋልና። ሁልጊዜ የሚታይ ብልሽት ለማግኘት ቀላል ነው። አስቸጋሪው የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት ነው። መካኒክ ዘንድ ስትወስደው ደኅና ይሆናል፤ ቤትህ ስትመልሰው ደግሞ ያምፃል።

1. መኪናውና ሥራው

እኔ ለማስተማር የተመደብኩበት ቀበሌ የሚገኘው በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበር። አገሩ ምዕራብ ጎጃም ነው። በቆሎ፣ ጤፍና ዳጉሳ ይመረትበታል፤ በርበሬውም የታወቀ ነው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከዋናው መንገድ ወደ ቀበሌው የሚያስገባው ግን ጥርጊያ ነው፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ።

የገበሬዎቹ ማኅበር አንድ አሮጌ የናፍጣ ፒክ አፕ ነበረው። እህልና በርበሬ ወደ ገበያ ያወጣል፤ ማዳበሪያ ያስገባል፤ ሰው ሲታመምም አምቡላንሱ እሱ ነው። ሾፌሩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ረዳቱ ደግሞ በማታ ትምህርት ቤት የኔ ተማሪ የነበረ ወጣት ነው። ፊደል ከለየ ገና ዓመት አልሞላውም።

ይህ መኪና አንድ ዓመል አወጣ። ደኅና ሲሄድ ቆይቶ በድንገት ይደክማል። ጋሼ ነዳጅ መርገጫውን እስከ መጨረሻው ቢረግጡትም ሞተሩ አይሰማም። ማርሽ ቢቀንሱም ያው ነው። እየተንፈራገጠ ሄዶ ይቆማል። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሲያስነሱት ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይሄዳል።

2. አንድ ሌሊት የሆነው

አንድ ሌሊት አንዲት ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ መጣች። አዋላጂቱ «ልጁ በደኅና አልመጣም፤ አሁኑኑ ሆስፒታል!» አለች። ጋሼ መንገድ ላይ ነዳጅ እንዳያልቅባቸው ሠጉና ጋኑን ከበርሜል ቀድተው አፍ እስከ አፉ ሞሉት። ወደ ፍኖተ ሰላም ተጓዝን። ዋናውን መንገድ ይዘን ጥቂት እንደሄድን፣ አንድ ዳገት ላይ መኪናው ደከመና ቆመ።

ጋሼ ኮፈኑን ከፈቱ። በእጅ የሚገፋውን ትንሽ የነዳጅ ፖምፓ ደጋግመው ገፉ። ሞተሩ አንድ ጊዜ ያጓራና ይጠፋል። እናትየዋ ከኋላ ታቃስታለች፤ ባሏ መሬት ላይ ተንበርክኮ ይጸልያል። በመጨረሻ ጋሼ «ናፍጣው ፈሶ ይሆን እንዴ?» አሉና የጋኑን ክዳን ከፍተው በባትሪ አዩ። «ኧረ ሙሉ ነው!» ብለው መልሰው ዘጉት። ሲያስነሱት ተነሣ። ዳገቱንም ወጣ።

ሕፃኑ ሆስፒታል ከደረስን በኋላ ብዙም ሳይቆይ ተወለደ። እናትም ልጅም ተረፉ። ነገር ግን ሌላ ግማሽ ሰዓት ቢጨመርበት ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያች ሌሊት በኋላ ነገሩ የመኪና ዓመል መሆኑ ቀረ።

3. ሁሉም የየራሱን ይናገራል

በማግስቱ ማኅበሩ ተሰበሰበ። አንዱ «ከፍታው ነው፤ ደጋ ላይ መኪና ይደክማል» አለ። ሌላው «ጭነት እየበዛበት ነው» አለ። ሦስተኛው «ጋኑ ውስጥ ቆሻሻ አለ» አለ። ቀደም ብሎ አንድ መካኒክ ፊልትሮውን ለውጦ ነበር፤ ለሁለት ቀን ደኅና ሆኖ መልሶ ደከመ። በኋላም «ዋናው የናፍጣ ፖምፓ ተበልቷል፤ ወርዶ መታደስ አለበት» ብሏል። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ለማዳበሪያ ከተቀመጠው ላይ ሊወጣ ነበር። ማዳበሪያ ያልገዛ ገበሬ ደግሞ በአጨዳ ጊዜ ምን እንደሚያጭድ የታወቀ ነው።

ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም። የተናገሩት ሁሉ መኪናን ሊያደክም የሚችል ነገር ነው። ጉድለቱ አንድ ነበር፤ እያንዳንዱ ያየውን አንድ ቀን ብቻ ይዞ ይናገራል። ሁሉንም ቀን ያየ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ እኔና ረዳቱ አንድ ነገር ተስማማን። ለሁለት ሳምንት ያህል ምንም ነገር ሳይፈታና ሳይለወጥ፣ መኪናው በሄደ ቁጥር አምስት ነገር ይጻፋል፦ ጋኑ ምን ያህል ነዳጅ ይዟል? ጭነቱ ስንት ነው? ከተነሣ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ደከመ? ጭሱ ምን ዓይነት ነው? እንዴት ተመልሶ ተነሣ?

4. ከረዳቱ ደብተር

ከደብተሩ ጥቂቱን እነሆ፦

ሰኞ። ጋኑ ሙሉ። በርበሬ 5 ኩንታል። 18 ኪሎ ሜትር ላይ ደከመ። ጭስ የለውም። ግማሽ ሰዓት ቆመን ሄደ።

ማክሰኞ። ጋኑ ግማሽ። በቆሎ 10 ኩንታል። 25 ኪሎ ሜትር ሄደ። ደኅና።

ሐሙስ። ጋኑ ሩብ ጎድሎታል። ጭነት 6 ኩንታል። ደርሶ መልስ። 50 ኪሎ ሜትር ላይ ደከመ። ጭስ የለውም።

ቅዳሜ። ጋኑ ሙሉ። ባዶውን። ሦስት ሰው ብቻ። 20 ኪሎ ሜትር ላይ ደከመ። ጋሼ ክዳን ከፍተው ናፍጣ አዩ። ወዲያው ተነሣ።

ሰኞ። ጋኑ ከግማሽ በታች። 10 ኩንታል። ዳገቱን ወጣ። ደኅና።

አንባቢ ሆይ! ወደ ታች ከመውረድህ በፊት ይህን ጽሑፍ ደግመህ አንብበው። ምን ታያለህ?

5. ደብተሩ የሚናገረው

አንደኛ፦ ጭነት አይደለም። 10 ኩንታል ጭኖ ዳገት ወጥቷል፤ ባዶውን ደግሞ ደክሟል።

ሁለተኛ፦ ከፍታ አይደለም። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱ በባሕር ወለል ላይ ካለው አራት አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አየር የሚገፋለት ተርቦ የሌለው ሞተር ደጋ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ይህ እውነት ነው። ዳሩ ግን ከፍታ ማክሰኞ ትቶን ቅዳሜ አይመለስም። ሁልጊዜ ያለ ነገር አልፎ አልፎ ለሚመጣ ችግር ብቻውን ምክንያት አይሆንም።

ሦስተኛ፦ የአየር ማጣሪያው አይደለም። የናፍጣ ሞተር አየር ሲያንሰው ነዳጁ በደንብ ስለማይቃጠል ጥቁር ጭስ ይተፋል። የኛው ግን ሲደክም ጭስ የለውም። ጭስ ሳያወጣ የሚደክም ሞተር ነዳጅ ያነሰው ሞተር ነው። ረሃብተኛ ነው እንጂ የታፈነ አይደለም።

አራተኛ፦ የጋኑ ቆሻሻስ? ይህ ብልህ ግምት ነበር። ቆሻሻ በነዳጅ መምጠጫው አፍ ላይ ሲለጠፍ ሞተሩ ይራባል፤ ሲቆም ቆሻሻው ይወርድና መኪናው ይነሣል። ከኛው በሽታ ጋር ይመሳሰላል። ነገር ግን ዝቃጭ የሚያስቸግረው ብዙውን ጊዜ ነዳጁ ወደ ታች ሲወርድ ነው። የኛው ተቃራኒ ነው፤ የሚደክመው ጋኑ ሲሞላ ነው!

አምስተኛ፦ ፖምፓው ቢበላ ኖሮ ጋኑ ሙሉ ይሁን ግማሽ አይለይም ነበር።

ታዲያ ሙሉ ጋን ላይ ብቻ ቶሎ የሚታመም፣ ክዳን ሲከፈት ወዲያው የሚድን ምንድን ነው?

6. ስለ አየር ትንሽ እንወቅ

አንድ የዘይት ቆርቆሮ ውሰድና በሚስማር አንድ ቀዳዳ ብቻ ብሳው። ስትዘቀዝቀው ዘይቱ ትንሽ ይንጠባጠብና ያቆማል። በሌላው በኩል ሁለተኛ ቀዳዳ ስትበሳ ግን ይወርዳል። ባለሱቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ዘይቱ እንዲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት።

የመኪናም ጋን እንዲሁ ነው። ናፍጣ በወጣ መጠን አየር መግባት አለበት። ለዚህም በክዳኑ ላይ፣ ወይም በአንዳንድ መኪና ከጋኑ በሚወጣ ቀጭን ቱቦ፣ መተንፈሻ ተሠርቶለታል። መተንፈሻው ከተደፈነ በጋኑ ውስጥ ያለው አየር እየሳሳ ይሄዳል። ፖምፓው ወደ ሞተር ሊስብ፣ ጋኑ ወደ ኋላ ሊስብ ይጓተታሉ። በመጨረሻ ፖምፓው ይሸነፋል።

ሊቁ ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 ያሳተመው ሕግ ነገሩን በቁጥር ያሳየናል። የተዘጋ አየር ሙቀቱ ሳይለወጥ ቦታው በእጥፍ ቢሰፋ፣ ግፊቱ በግማሽ ይቀንሳል።

የኛው ጋን 60 ሊትር ይይዛል እንበል። መኪናው ለ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ቢጨርስ፣ በ25 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር ይጨርሳል።

ሀ) ጋኑ ሲሞላ 57 ሊትር ናፍጣና 3 ሊትር አየር አለው። 3 ሊትር ናፍጣ ሲወጣ የአየሩ ቦታ 6 ሊትር ይሆናል። እጥፍ ሆነ፤ ግፊቱም በግማሽ ወረደ።

ለ) ጋኑ 20 ሊትር ብቻ ሲይዝ አየሩ 40 ሊትር ነው። ያው 3 ሊትር ሲወጣ 43 ይሆናል። ግፊቱ ከ100 እጅ ወደ 93 እጅ ብቻ ይወርዳል። ፖምፓው ይህን ይችለዋል።

በእርግጥ ክዳን ሙሉ በሙሉ አይታፈንም፤ ጥቂት አየር ሾልኮ ይገባል። ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ ይለያል። ልዩነቱ ግን አይጠፋም። ግማሽ ሰዓት ሲቆም ሞተሩ የሚነሣውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አየሩ በዝግታ ሾልኮ ይገባል። ክዳኑ ሲከፈት ደግሞ በአንድ ትንፋሽ ይገባል።

ያች ሌሊት ጋሼ ለጥንቃቄ ብለው ጋኑን መሙላታቸው በሽታውን አመጣው። ናፍጣ ለማየት ክዳኑን መክፈታቸው ደግሞ አዳነው። ሁለቱንም አላወቅንም ነበር። መካኒኩ ፊልትሮ የለወጠ ጊዜም ጋኑ ጎድሎ ነበር፤ ለሁለት ቀን የዳነው ለዚህ ነው።

7. ግምትን መፈተን

ግምት ቢያምርም ግምት ነው። ስለዚህ ጋሼ «እንፈትነው እንጂ!» አሉ። በአንድ መንገድ፣ በአንድ ዓይነት ጭነት፣ ጋኑን ሞልተን ሦስት ጊዜ ሄድን።

መጀመሪያ ክዳኑን ጥብቅ አድርገን ሄድን። 19 ኪሎ ሜትር ላይ ደከመ። ክዳኑን ስንከፍት «እፍፍ» የሚል ድምፅ ሰማን፤ አየር ሲገባ ነው።

ሁለተኛ ክዳኑን በትንሹ አላልተን፣ አቧራ እንዳይገባና እንዳይፈስ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነን፣ በዝግታ ሄድን። እስከ መጨረሻው አልደከመም።

ሦስተኛ መልሰን አጠበቅነው። መልሶ ደከመ።

ሦስተኛው ጉዞ ለምን አስፈለገ? በሁለተኛው ብቻ ብናቆም ኖሮ «በአጋጣሚ ደኅና የዋለ ቀን ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ሲያላሉት ድኖ፣ ሲያጠብቁት ከታመመ ግን ክርክሩ ያበቃል።

8. ላስቲኩ

ክዳኑን ገልብጠን አየነው። የመተንፈሻው ቀዳዳ በደረቀ ጭቃ ተደፍኗል። ከሥሩም ላስቲክ ተጠቅልሎበታል። ጋሼ «ይህን ማን አደረገው?» ሲሉ ረዳቱ ፊቱ ተለወጠ።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለ። «አቧራ እንዳይገባ ብዬ ነው። ደብተሬ ላይም ጽፌዋለሁ።»

እውነቱን ነው። የማታ ትምህርት መልመጃ ደብተሩን ስንገልጥ፣ ከሁለት ወር በፊት «በሥራችሁ ላይ የሠራችሁትን አንድ ነገር ጻፉ» ባልኩት ጊዜ፣ እንዲህ ብሎ ነበር፦ «ዛሬ የናፍጣ ክዳኑን በላስቲክ አሠርኩ። አቧራ አይገባም።» እኔ ደግሞ «አሠርኩ» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ወደ «አሰርኩ» አርሜ፣ «ጥሩ» ብዬ ፈርሜበታለሁ። የዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪ ነኝ፤ የቦይልን ሕግ ለፈተና ሸምድጃለሁ። ተማሪዬ የጻፈውን ግን ፊደሉን አየሁ እንጂ ነገሩን አላነበብኩም። ጋሼ ስቀው «መምህር፣ እርስዎም ማንበብ ይማሩ እንጂ!» አሉኝ። ይገባኛል።

ልጁን ማንም አልተቆጣውም። ያሰበው ለመኪናው ነው። ደግሞም የሠራውን ጽፎ ባያስቀምጥ፣ ያየውንም ባይመዘግብ ኖሮ የማዳበሪያው ገንዘብ ደኅና ፖምፓ ለማደስ ይወጣ ነበር፤ መኪናውም መድከሙን አይተውም ነበር።

ላስቲኩን አነሣን፤ ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ ጠረግነው። መኪናው ከዚያ በኋላ በዚያ ዓይነት አልደከመም። ለክፉ ቀን ብለን ቀዳዳውን ማስፋት አያስፈልግም፤ ዝናብና አቧራ ይገባል፣ ናፍጣም ይፈሳል። ክዳን ከጠፋም ለዚያው መኪና የተሠራውን መግዛት ነው። ከሌላ መኪና የመጣ ክዳን ልኩ ቢሆንም መተንፈሻ ላይኖረው ይችላል።

9. ለሾፌርና ለረዳት የሚሆን ምክር

ሀ) መኪና ሲደክም መጀመሪያ ጭሱን እይ። ጥቁር ከሆነ የአየር ማጣሪያውን መርምር። ጭስ ከሌለው ነዳጁን መርምር። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል።

ለ) ከነዳጅ ወገን ቀላሉንና ርካሹን አስቀድም፦ መጀመሪያ የጋኑን መተንፈሻ፣ ቀጥሎ በፊልትሮው ሥር የተጠራቀመ ውሃ፣ ቀጥሎ ፊልትሮውን፣ ቀጥሎ አየር የሚያስገባ የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም የላላ ማሰሪያ። ፖምፓና ኢንጀክተር መጨረሻ ላይ ይታያሉ።

ሐ) ሞተሩ እያጓራ ጎማው ካልፈጠነ ነዳጅ አይደለም፤ ፍሪሲዮን እየተንሸራተተ ነው። ከሄደ በኋላ ጎማው እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬን ይዞ ቀርቶ ይሆናል።

መ) በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ። ሁለት ነገር ለውጠህ ቢድን የቱ እንዳዳነው አታውቅም።

ሠ) በነዳጅ አጠገብ ኩራዝ፣ ክብሪት ወይም ሲጋራ አይቅረብ። ናፍጣ በአፍህ አትሳብ። የሚፈላ ራዲያተር አትክፈት። ሞተር እየሠራ የኢንጀክተር ቱቦ ቢያፈስ በጣትህ አትንካው፤ በኃይል የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ ይበሳል።

ረ) ደብተርና እርሳስ ከክሪክና ከጎማ መፍቻ ጋር በመኪናው ውስጥ ይኑሩ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. መኪናው ሙሉ ጋን ሲይዝ ቶሎ የሚደክመው ለምንድን ነው?
2. «ከፍታው ነው» ያለው ሰው ትክክል ያልሆነው በምን ምክንያት ነው?
3. ሦስተኛው የሙከራ ጉዞ ባይደረግ ኖሮ ምን ጥርጣሬ ይቀር ነበር?
4. ጋኑ 30 ሊትር ናፍጣና 30 ሊትር አየር ቢኖረው፣ 3 ሊትር ሲወጣ የአየሩ ቦታ ስንት ይሆናል? ከሀ እና ከለ ጋር አወዳድሩ።
5. በቤታችሁ ወይም በሥራችሁ አልፎ አልፎ የሚመጣ አንድ ችግር ምረጡ። ለሁለት ሳምንት ምን ምን ነገር ትመዘግባላችሁ? በደብተራችሁ ጻፉና ለክፍሉ አንብቡ።

የቃላት ፍቺ

ጋን — የመኪና ነዳጅ የሚቀመጥበት ዕቃ
ፊልትሮ — ቆሻሻ የሚያስቀር ማጣሪያ
ኮፈን — የሞተር መሸፈኛ
ፍሪሲዮን — ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኝና የሚያላቅቅ ክፍል
ዝቃጭ — ከፈሳሽ ሥር የሚቀር ቆሻሻ